ከሳንቃበር ጨነቅ፣ ጉልበት ከተረፈ ቧሂት፦ ስሜን ላይ የአንድ ቀን ረጅም ሩጫ፣ ዝግጅቱ እንዴት ይሁን?

ደጋ ናፋቂ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ስሜን ተራሮች ውስጥ በአንድ ቀን ወደ 50 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ አስበናል። ውድድር አይደለም፤ ራሳችን የምናሰናዳው ነው። ከሳንቃበር ተነስተን በግጭ፣ በእመት ጎጎና በእናትዬ አድርገን ጨነቅ እንገባለን። ሰዓትና ጉልበት ከተረፈን ቧሂት ወጥተን ጨነቅ እንመለሳለን።

ሁለታችንም የምንኖረው ዱባይ ነው። አስፋልት ላይ ማራቶን ከ4 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብለን እንጨርሳለን፤ ተራራ ላይ ግን ከ30 ኪሎ ሜትር አልፈን አናውቅም። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው፦

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ከፍታ መልመድ ለእኔም ያስፈልገኛል ወይስ ደሜ ውስጥ አለ? ዳገት በሌለበት አገር ለዚህ እንዴት እሰልጥን? ስካውት (የታጠቀ የፓርክ አጃቢ) ግዴታ ነው ይባላል፤ ከሚሮጥ ሰው ጋር እንዴት ይሆናል? ጊዜው ጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ምን ይዤ ልሩጥ? ከቧሂት ባሻገር ራስ ዳሸንን ልጨምረው ብልስ?

የዳባት ልጅ

እህቴ፣ መስመሩን በደንብ መርጠሻል። ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ግን ደባርቅ ላለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውለሽ የአካባቢውን ጸጥታና የትኞቹ ካምፖች ክፍት እንደሆኑ ጠይቂ። ሁኔታው ከወር ወር ይለዋወጣል፤ ባለፈው ዓመት የሄደ ሰው የነገረሽ ለዘንድሮ አይሆንም። የጉዞ መድንሽም ቦታውን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይንገሩሽ። ብዙዎቹ ኩባንያዎች የጉዞ ማስጠንቀቂያ የወጣበትን አካባቢ አይሸፍኑም።

ከፍታዎቹ እንዲህ ናቸው፦ ሳንቃበር 3250፣ ግጭ 3600፣ እመት ጎጎ 3926፣ እናትዬ 4070፣ ጨነቅ 3620፣ ቧሂት 4430 ሜትር። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ከሳንቃበር ግጭ 350 ሜትር ዳገት ነው ብሎ ያስባል። መሃል ላይ ግን ወደ ጅንባር ወንዝ ወርደሽ የወረድሽውን ሁሉ መልሰሽ ትወጪያለሽ። ከእመት ጎጎ በኋላም ወርዶ መውጣት አለ። ቧሂት ሲጨመር የቀኑ ዳገት በድምሩ ከ2000 ሜትር ያልፋል። መስመሩን ራስሽ ካርታ ላይ ስለሽ ርቀቱንና ዳገቱን አስወጪ፤ ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት ፋይሎች አንዱ በመኪና መንገዱ፣ ሌላው በገደሉ ጫፍ ስለሚሄዱ ቁጥራቸው አይገጥምም።

ሰዓቱን በእግረኛ ልክ ነው የምትሰሪው። እግረኛ ከሳንቃበር ግጭ ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ ከግጭ በእመት ጎጎ ጨነቅ ከ7 እስከ 9 ሰዓት፣ ቧሂት ደርሶ መልስ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይፈጅበታል። በደንብ የተዘጋጀ ሯጭ ከዚያ ከግማሽ ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ይጨርሰዋል እንጂ በሲሶው አይጨርሰውም፤ ምክንያቱም ዳገቱን ሁሉም ሰው በእግሩ ነው የሚወጣው። እንዲህ አድርጊው፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሳንቃበር መነሳት፣ 2 ሰዓት ተኩል ግጭ፣ 4 ሰዓት ሳይሞላ እመት ጎጎ፣ 5 ሰዓት ገደማ እናትዬ፣ 6 ሰዓት ተኩል ጨነቅ። እዚያ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠሽ ትበያለሽ።

አሁን ዋናው ነገር። ከጨነቅ ቧሂት 800 ሜትር ዳገት ነው። በዚያ ከፍታ፣ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሮጥሽ በኋላ፣ በሰዓት 400 ሜትር ከወጣሽ ጎበዝ ነሽ። ስለዚህ ሁለት ሰዓት መውጣት፣ ሰዓት ከሩብ መውረድ። ፀሐይ በዚያ ወር 12 ሰዓት ላይ ትገባለች። ከጨነቅ እስከ 7 ሰዓት ተኩል ካልወጣሽ ቧሂት ቀርቷል ማለት ነው። ከወጣሽም የትም ሁኚ የት 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን ፊትሽን ታዞሪያለሽ፤ ጫፉ 50 ሜትር ቢቀረውም። ይህን ዱባይ ሆናችሁ ተስማሙና ወረቀት ላይ ጻፉት። እዚያ ደርሳችሁ በደከመ ጭንቅላት ልትወስኑት ብትሞክሩ ሁሌም «ትንሽ እንጨምር» ነው የሚሆነው።

የገደሉን ነገር አደራ። ከእመት ጎጎ እስከ እናትዬ መንገዱ በሰሜኑ ገደል ጫፍ ይሄዳል፣ ቁልቁሉ በመቶዎች ሜትር ነው የሚቆጠረው፣ ሣሩ እስከ አፋፉ ድረስ ስለበቀለ የት እንደሚያልቅ አይታይም። በጠዋት ጥርት ብሎ የሚውለው ሰማይ ከቀትር በኋላ ከቆላው በሚወጣ ጉም ሊሸፈን ይችላል። ጉም ከመጣ ከጫፉ ራቅ ብለሽ በእግርሽ ሂጂ። በጨለማ እዚያ ክፍል ላይ መገኘት የለብሽም፤ በእኩለ ሌሊት እንነሳ የሚል ሰው ቢመክርሽ ይህን ንገሪው።

ስካውት ግዴታ ነው፣ መሆንም አለበት። የስሜን ስካውት በኮንጎ ጫማ፣ ክላሽ ተሸክሞ፣ ካንቺ ቀድሞ ዳገቱን ይወጣል፤ ቁልቁልና ሜዳ ላይ 50 ኪሎ ሜትር አብሮሽ እንዲሮጥ መጠበቅ ግን ደግ አይደለም። የሚሠራው በቅብብል ነው። አንዱ ከሳንቃበር ግጭ፣ ሌላው ከግጭ ጨነቅ፣ ሦስተኛው ከጨነቅ ቧሂት። ጽሕፈት ቤቱ ላይ ሁለት ቀን ቀድመሽ ተነጋገሪ፣ ሰዓቱን ለእያንዳንዳቸው በአካል ንገሪ፣ ክፍያውን ከመነሻው ጨርሺ። ከፊትሽ ያለው ስካውት ማታውን በግጭ ካምፕ ማደር ስላለበት የእሱ ቀንም ይከፈላል። ውሃና ምግብ ለእነሱም ያዢ፤ ጠዋት ቁርስ ሳይቀምስ የሚመጣ ሰው አለ።

መንገድ ላይ ርቀት ከጠየቅሽ መልሱ «ቅርብ ነው፣ እዚህ ማዶ ነው» ይሆናል። ማዶው ሦስት ሰዓት ሊሆን ይችላል። «ፀሐይ የት ስትደርስ እገባለሁ?» ብለሽ ጠይቂ፣ የሚነግሩሽ ትክክል ነው።

መውጫዎችሽን እወቂ። ከግጭ ወደ አምባራስ ወርደሽ የመኪናውን መንገድ ታገኛለሽ። ከእመት ጎጎ ካለፍሽ በኋላ ግን እስከ ጨነቅ ያለው መውጫ የመጣሽበት ወይም የምትሄጅበት ብቻ ነው። የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከዓመታት በፊት ወደ ደባርቅ ስለተዛወሩ እዚያ እንደ ድሮው ሱቅም በቅሎም እናገኛለን ብለሽ አትሂጂ። አንድ ባለ በቅሎ ከዋዜማው ግጭ እንዲያድር ተቀጥሮ፣ እናንተ ጨነቅ መድረሳችሁ እስኪታወቅ ይጠብቅ። መኪናው ጨነቅ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ይቁም፦ ደረቅ ልብስ፣ ጋቢ፣ ፔርሙስ ሙሉ ሻይ። ስልክ በአብዛኛው መስመር ላይ አይሠራም፤ ሳተላይት ስልክና ድሮን ደግሞ ያለ ፈቃድ ይዘሽ ብትመጪ ጉምሩክ ያቆምሻል።

ራስ ዳሸን? በዚህ ጉዞ አይሆንም። ከቧሂት ትከሻ ተነስተሽ እስከ መሸሃ ወንዝ፣ ማለትም 2800 ሜትር ገደማ፣ ትወርጂና እንደገና አምቢቆ 3200 ላይ ትወጪያለሽ፤ ከዚያ 4500 ያልፋል። ተመልሰሽ ደግሞ ያንኑ የቧሂት ትከሻ መውጣት አለ። መኪናሽ በዚያኛው በኩል ነው፣ አንቺ በዚህኛው። ለብቻው ሦስት ቀን ይመደብለት።

ነርስ ከጎንደር

የከፍታውን ልመልስ፤ በጣም የሚደጋገም ጥያቄ ስለሆነ።

ደገኛ ሆኖ ማደግ የሚጠቅመው ነገር አለ፣ ለምሳሌ የደረት ስፋትና የሳንባ አቅም። ሰውነት ከፍታ ላይ ሲኖር የሚያደርገው ማስተካከያ ግን (ፈጥኖ መተንፈስ፣ የደም ለውጥ) ወደ ባሕር ወለል ከወረድሽ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። እዚያው ስሜን ውስጥ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎች ላይ የተሠራ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95 በመቶ፣ ሄሞግሎቢናቸውም ባሕር ወለል ላይ እንደሚኖር ሰው ሆኖ ተገኝቷል። በዓለም የከፍታ ጥናት ውስጥ የሚያስገርም ውጤት ነው። እነሱ ግን እዚያው ተወልደው እዚያው የሚኖሩ ናቸው። አንቺ ዱባይ ዓመታት ኖረሽ በአውሮፕላን የምትመጪ ነሽ፤ ራስሽን እንደ ማንኛውም የቆላ ሰው ቁጠሪ።

ጨነቅ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 65 በመቶ ገደማ፣ ቧሂት ጫፍ ላይ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ከ1500 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ የሰውነት ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀም በግምት 1 በመቶ ይቀንሳል፤ 4000 ላይ ሩቡን አጥተሻል። ሰዓትሽ ላይ ዱባይ የለመድሽውን ፍጥነት ፈልገሽ ከሮጥሽ በመጀመሪያው ሰዓት ራስሽን ትጨርሻለሽ። በፍጥነት ሳይሆን በትንፋሽ ሩጪ፦ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተሽ ወደ እርምጃ።

ከፍታውን የመልመድ ዕቅድ፣ ቢያንስ 8 ሌሊት፦ ሁለት ሌሊት አዲስ አበባ ወይም ጎንደር፣ ሁለት ሌሊት ደባርቅ (2850)፣ አራት ሌሊት ሳንቃበር። ሳንቃበር በገባሽ ማግስት ምንም፣ አጭር ሽርሽር ብቻ። በሦስተኛው ቀን በመኪና ጨነቅ ሄደሽ በእግርሽ ወደ ቧሂት አቅጣጫ እስከ 4000 ወጥተሽ ተመልሰሽ ሳንቃበር እደሪ። በአራተኛው ቀን ዕረፍት፣ በማግስቱ ሩጫ። ደንቡ ከ3000 በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ነው። ጊዜ ካጠረሽ የምትቀንሺው ከሩጫው ርቀት ይሁን፣ ከሌሊቶቹ አይሁን።

ዲያሞክስ የሚሉት አሴታዞላማይድ ለመከላከያ 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ መውጣት ከመጀመርሽ አንድ ቀን ቀድሞ ይጀመራል። ሐኪም ሳያይሽ አትጀምሪ፣ በተለይ የሰልፋ አለርጂ ካለብሽ። ሽንት ያበዛል፣ ጣትና ከንፈር ይነዝራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምትሞክሪው ዱባይ እንጂ ሳንቃበር አይሁን። ማንም «ለጥንቃቄ» ብሎ ዴክሳሜታሶን ቢሰጥሽ በእሱ ተደግፈሽ ወደ ላይ አትሂጂ። እሱ ለመውረጃ ነው፤ ምልክቱን ይሸፍንልሽና በሽታው ከሥር ይቀጥላል።

የሚያሰጋው ይህ ነው። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ እዚያው ቁሚ፣ ካልተሻለሽ ውረጂ። ሁለት ነገር ግን ጊዜ አይሰጥም። አንዱ ዝም ብለሽ ተቀምጠሽ እንኳ የማይለቅ ትንፋሽ ማጠር ከሳል ጋር፣ አንዳንዴ ሮዝ አረፋ ያለው አክታ፤ ውሃ ሳንባ ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛው እንደ ሰካራም መንገዳገድ፣ የተጠየቁትን ዘግይቶ መመለስ፣ መነጫነጭ፤ አንጎል አብጧል። መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምረሽ ተረከዝን ከአውራ ጣት እያገናኘች 10 እርምጃ ጓደኛሽ ትሂድ። ከወደቀች ወይም ከተንገዳገደች ሌላ ማረጋገጫ አትፈልጊ። ሌሊትም ቢሆን፣ ብርድም ቢሆን፣ ቢያንስ 500 ሜትር፣ ከተቻለ 1000 ሜትር ዝቅ በሉ። በሽተኛዋን ብቻዋን አትተዪ፣ ብቻዋንም አትላኪያት።

አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በሩጫው ቀን ቦርሳሽ ውስጥ አይግቡ። ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊት ይጎዳሉ። ፓራሲታሞል ይበቃል።

ባለ ምርኩዝ

ሥልጠናው ከ16 ሳምንት ያላነሰ ይሁን። ለኅዳር መጨረሻ ከሆነ ከሐምሌ ማለቂያ ጀምሪ፤ ያ ማለት ግማሹ የዱባይ በጋ ላይ ይወድቃል። ጥሩ ነው፣ ቤት ውስጥ ብዙ ይሠራል።

ትሬድሚል 15 በመቶ ላይ አድርገሽ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ብትራመጂ በአንድ ሰዓት 750 ሜትር ዳገት ወጥተሻል። መሮጥ አያስፈልግም፣ እጀታውን ግን አትያዢ፤ እጀታ የያዘ ሰው ግማሹን ዳገት ለማሽኑ ሰጥቷል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከ45 ደቂቃ ጀምረሽ እስከ 90 አድርሺው፤ በመጨረሻዎቹ ስምንት ሳምንታት የሩጫ ቦርሳሽን 4 ኪሎ ሞልተሽ። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ጠቅላላ ዳገትሽ በሳምንት ከ1500 እስከ 2000 ሜትር ይሁን። በየአራተኛው ሳምንት በሲሶ ቀንሺው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ቁልቁል ላይ ነው። የፎቅ ደረጃ ወጥቶ በሊፍት መውረድ ለልብ ጥሩ ነው፣ ለጭን ጡንቻ ግን ምንም። ቁልቁል ስትወርጂ ጡንቻው እየተሳበ ነው የሚሠራው፤ ያልለመደ ጡንቻ በውስጡ ይሰነጣጠቃል፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ጉልበትሽ አልታዘዝ ይላል። ከእናትዬ ወደ ጨነቅ ያለው ቁልቁለት ላይ ይህ ከደረሰብሽ ቧሂትን እርሺው። መፍትሔው አንድ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር መጀመሪያ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ራስ አል ኸይማ ሄደሽ ጀበል ጃይስ አካባቢ መውረድ። ተራራው ወደ 1900 ሜትር ይደርሳል። በመጀመሪያው ቀን 500 ሜትር ቁልቁል ብቻ፣ ከሳምንት በኋላ 800፣ ከዚያ 1200 እና 1500። የመጀመሪያው ሦስት ቀን ያስነክስሻል፣ ሁለተኛው በጣም ያንሳል፤ ጡንቻው የተማረው ለሳምንታት ይቆያል። የመጨረሻው ከባድ ቁልቁል ከሩጫው 12 ቀን ገደማ ይቅደም፣ ከዚያ በኋላ ቀላል ብቻ። በበጋ ወደ ሸለቆዎቹ አትሂጂ፤ ሙቀቱም ድንገተኛ ጎርፉም ሰው ይገድላል።

ረጅሙ ልምምድ 50 ኪሎ ሜትር መሆን የለበትም። በተከታታይ ሁለት ቀን፣ ቅዳሜ 5 ሰዓት እሑድ 3 ሰዓት፣ ከአንድ የ8 ሰዓት ቀን ይሻላል፤ ጉዳቱ ያነሰ ነው።

ጫማ፦ ጥርሱ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር፣ ቁጥሩ ከምታደርጊው በግማሽ የበለጠ። ከሰዓት በኋላ እግር ያብጣል፣ ቁልቁል ላይ ጣት ከፊት እየተጋጨ ጥፍር ይጠቁራል። ወጥመዱ ጓሳው፣ ማለትም በጉብታ በጉብታ የሚበቅለው ሣር ነው፤ በጉብታዎቹ መካከል ያለው ጉድጓድ ስለማይታይ ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል። ሣር ላይ ስትሮጪ እርምጃሽን አሳጥሪ። የኅዳር መንገድ ደረቅና አቧራማ ስለሆነ ጠጠርና ሣር እንዳይገባ የጫማ መሸፈኛ ይኑርሽ።

ምርኩዝ የግድ ያዢ፣ ሁለት። የካርቦኑ ይቀላል ግን ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሲጣመም ድንገት ይሰበራል፤ አልሙኒየሙ ይጎብጣል፣ ይቀናል። እጅሽን ቁልቁል ላይ ከማሰሪያው አውጪ፣ ስትወድቂ አንጓሽን ይሰብረዋል።

ልብስ፦ ሌሊት ሳንቃበር ውርጭ ይጥላል፣ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ በቀትር ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። ለሩጫው ቀን በቦርሳ ውስጥ ውሃ የማያስገባ ኮፍያ ያለው ስፌቱ የታሸገ ጃኬት፣ ቀጭን የሱፍ ወይም የሰው ሠራሽ ሙቀት ልብስ፣ ረጅም ሱሪ፣ ጓንት፣ የሱፍ ቆብ፣ የፎይል ከረጢት (አንሶላው ሳይሆን ሰው የሚገባበት፤ አንሶላውን ነፋስ ይነጥቅሻል)፣ ፊሽካ፣ የግንባር ባትሪ ከመለዋወጫ ባትሪ ጋር። ጋቢ ለካምፕ ነው። ጥጥ የሆነ ካናቴራ ላብ ስለሚይዝ የቧሂት ነፋስ ሲያገኝሽ የሰውነት ሙቀት ይሰርቃል።

በሶና ጨው

ምግቡን እኔ ልመልስ። በሰዓት ከ50 እስከ 60 ግራም ስኳርና ስታርች ያስፈልግሻል። ለ10 ሰዓት ያ ከ500 እስከ 600 ግራም ነው፤ ከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ስለሚጠፋ ሳይርብሽ በየ25 ደቂቃው ሰዓትሽ ይጥራ።

በሶ ለጾመኛ ሯጭ ከተሠራ ነገር ሁሉ የሚሻል ይመስለኛል። 100 ግራም ደረቅ በሶ ወደ 70 ግራም ስታርች ይሰጣል፣ ከውሃ ጋር ሳይበስል ይበላል፣ ብርድ አያበላሸውም። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ ገብስ አሰር አለው፤ ሳይለምዱት በሩጫ ላይ ሆድ ይነፋል። በደቃቅ ወንፊት ሁለት ጊዜ ነፍተሽ፣ ስድስት ሳምንት ቀድመሽ በረጅም ልምምድሽ ላይ ብዪው። ሁለተኛ፣ በለስላሳ ኮዳ ውስጥ ከበጠበጥሽው አፉ ላይ ያለው ቫልቭ ይደፈናል፤ እዚያ ቆመሽ በጥርስሽ ስትጎትቺ ትውያለሽ። ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ ወይም ዱቄቱን በትንሽ ፌስታል ለየብቻ አስረሽ፣ እንደ ጭብጦ በማር ለውሰሽ ያዢ። ጩኮ ቅቤ ስላለው ለጾሙ አይሆንም፤ ለሌላ ጊዜም ቢሆን ሩጫ ላይ ቅባት ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው።

ግማሹን በበሶ፣ ግማሹን በተምር (ዱባይ ነሽ፣ ፍሬው የወጣለት ግዢ) እና ጨው በተነሰነሰ ቅቅል ድንች ሙዪ። ቆሎ ካምፕ ላይ እንጂ ዳገት ላይ አይሆንም፣ በሚያለከልክ አፍ ትን ይላል። እስከ ቀትር የመጾም ልማድ ካለሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ። በባዶ ሆድ 4000 ሜትር ላይ መሮጥ ራስ ምታቱ ከከፍታው ይሁን ከረሃቡ እንዳታውቂ ያደርጋል፣ ይህ ደግሞ ነርሷ የነገረችሽን ምልክት ያደበዝዘዋል።

ጨው፦ በሊትር ውሃ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ወደ 600 ሚሊግራም ሶዲየም ነው። ኦ አር ኤስ ከረጢት ጥሩ ነው ግን በሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስ ብቻ ስላለው ምግብ ነው ብለሽ አትቁጠሪው። ውሃውንም በግድ አትጋቺ፤ ሲጠማሽ ጠጪ። ያለ ጨው ብዙ ውሃ መጠጣት የራሱ በሽታ አለው፣ እጅሽ አብጦ ቀለበት ከጠበበሽ ቀንሺ።

ደጋ ናፋቂ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ቧሂት በ7 ሰዓት ተኩል የሚለውን ጽፈን ፈረምንበት። ራስ ዳሸንን ሰረዝኩት። ሁለት ነገር ቀረኝ። ውሃ ከየት ነው የምንሞላው፣ ያው ትንሽ ማጣሪያ ይበቃል? እና ውሾች ያስቸግራሉ ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው?

የዳባት ልጅ

ውሃ ጅንባር ላይ፣ ግጭ ካምፕ አጠገብ ባለው ምንጭ፣ ከዚያ ጨነቅ። ከግጭ እስከ ጨነቅ ያለው ረጅሙና ደረቁ ነው፤ ከግጭ ስትነሺ 2 ሊትር ይዘሽ ውጪ። ከብት የማይረግጠው ወንዝ የለም፣ ምንም ብርድ ቢሆን ሳታክሚ አትጠጪ። ውሃ አጋር (ፈሳሹ የውሃ ማከሚያ) ለጀሪካን የተመጠነ ስለሆነ በግማሽ ሊትር ኮዳ መመጠን ያስቸግራል፤ ለአንድ ሊትር አንድ የሆነውን እንክብል ያዢ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ውሃው በጣም ከቀዘቀዘ ከዚያ በላይ ጠብቂ።

ማጣሪያው ይበቃል፣ ግን ሌሊት ውጭ እንዳያድር። በውስጡ ያሉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቱቦዎች ውሃ ይዘው ሲበርዱ ይሰነጠቃሉ፣ ከውጭ ሲታይ ደህና ነው፣ ጠዋት ውሃም ያሳልፋል፣ ተህዋሲውንም ያሳልፋል። አራግፈሽ በፌስታል አስረሽ መኝታሽ ውስጥ ይዘሽው ተኚ። የስልክና የግንባር ባትሪውንም እዚያው፤ ብርድ ባትሪ ይበላል።

ውሾች አሉ፣ በተለይ አምባራስ አካባቢና እረኞች ባሉበት። ሩጫ ያስነሳቸዋል። ውሻ ስታዪ መሮጥ አቁሚ፣ ስካውቱ ከፊት ይሁን፣ ጎንበስ ብለሽ ድንጋይ እንደምታነሺ አድርጊ፤ አብዛኛው በዚያ ይመለሳል። ምርኩዝሽን ከፊትሽ ያዢ እንጂ አትምቺ፣ ባለቤቱ እዚያው ነው። ከነከሰሽ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቢና ሩጫው አብቅቷል ማለት ነው፤ በዚያኑ ዕለት ወደ ጎንደር።

ነርስ ከጎንደር

ለውሻው አንድ ጭማሪ። የእብድ ውሻ በሽታ ቅድመ ክትባት ዱባይ ሳለሽ ውሰጂ። ቅድመ ክትባት ያለው ሰው ከተነከሰ በኋላ ሁለት ተጨማሪ መርፌ ብቻ ይበቃዋል፤ የሌለው ኢሚውኖግሎቡሊንም ይፈልጋል፣ እሱን ደግሞ በተፈለገ ጊዜ ማግኘት አይቀልም። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይጀመር። ካርዱን ፎቶ አንስተሽ ሁለታችሁም ስልክ ላይ ያዙት፣ ዋናውን ደግሞ ከሾፌሩ ጋር ጨነቅ ተዪው።